ለጉባኤ ሃያ ሰው ይበቃል

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት የሚነገረው ክፉ ሕልም አይቶ ለሚሠጋ ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርባቸው ያሰብናቸው ሰዎች ግን ሕልማቸውን የሚያዩት በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ያውም በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ይባላሉ። በየጊዜው ከያሉበት ተጠራርተው ይገናኛሉ፤ ስላነበቡት ይነጋገራሉ፤ የጻፉትን ያሰማሉ፤ ይከራከራሉ፤ ከዚያም ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

የሳይንስ ልብ ወለድ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መግለጥ ያሻል። ታሪክ የሆነውን ይመዘግባል። ተረት ከሆነው ጋር ያልሆነውን ቀላቅሎ ምክር ይሰጣል። የሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ ዕውቀት ዛሬ ከደረሰበት ላይ ተነሥቶ ነገ ሊያደርስ የሚችለውን ይተርካል። ደራሲው «ይህ ነገር ቢሆንስ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውን ካነሣ በኋላ ግን እንደ ልቡ መሆን አይፈቀድለትም። ሰዎቹን ወደ ጨረቃ ቢልካቸው ምን ተንፍሰው፣ ምን በልተው፣ በስንት ቀን እንደሚደርሱ ማስላት አለበት። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ድርሰት በአንድ እጁ ምናብን፣ በሌላ እጁ ሂሳብን የያዘ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ታዲያ ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው? ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ላለው ለደራ ወረዳ ዋና ከተማ ለአንበሳሜ፣ በዚያም ለሚማረው ተማሪና ተመድቦ ለሚሠራው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ምን ይፈይድለታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ነገሩ ከተጀመረበት መነሣት ይሻላል።

አድራሻ ያተመ መጽሔት

የነገሩ መነሻ አንድ መጽሔት ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. በሉክሰምበርግ የተወለደው ሁጎ ገርንስባክ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኤሌክትሪክና በሬዲዮ ዕቃ ንግድ ተሰማራ። በኋላም በሚያዝያ ወር 1926 እ.ኤ.አ. «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። ይህም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የተመደበ የመጀመሪያው መጽሔት ሆነ።

ገርንስባክ ከአንባብያን የሚላኩለትን ደብዳቤዎች በመጽሔቱ ውስጥ ያትም ነበር፤ ከደብዳቤውም ግርጌ የጸሐፊውን ስምና አድራሻ ያወጣ ነበር። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ትልቅ ፍሬ አፈራች። በየመንደሩ ብቻውን ተቀምጦ የሚያነብ፣ ጎረቤቱ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» እያለ የሚስቅበት ወጣት፣ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው በቅርብ ከተማ መኖሩን ዐወቀ። በመጽሔቱ በኩል መነጋገር ቀርቶ በቀጥታ መጻጻፍ መጣ፤ ከመጻጻፍ መገናኘት ተወለደ፤ ከመገናኘትም ማኅበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ገርንስባክ ራሱ «የሳይንስ ልብ ወለድ ሊግ» የሚባል ማኅበር አቋቋመ፤ ቅርንጫፎቹም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተከፈቱ።

የሊድሱ እሑድ

የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ጉባኤ የትኛው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ በኦክቶበር 1936 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ወጣቶች ወደ ፊላደልፊያ ሄደው ከዚያ ካሉ ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ሰው ቤት የተገናኙበትን ቀን ይጠቅሳሉ። ሌሎቹ ግን ያ የወዳጅ መጠያየቅ እንጂ ጉባኤ አይባልም፤ አስቀድሞ ታስቦበት በአዳራሽ የተደረገው የመጀመሪያው ጉባኤ የሊድሱ ነው ይላሉ።

የሊድሱ ጉባኤ የተደረገው እሑድ ጃንዋሪ 3 ቀን 1937 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ሊድስ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ በሱፍ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ስብሰባው የተደረገበት ቤት ቴዎሶፊካል አዳራሽ ይባል ነበር። የተገኘው ሰው ከሃያ አይበልጥም። አንባብያን ይህን ቁጥር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ንግግር ተደራረጉ፤ በእንግሊዝ አገር ሁሉ ያሉትን ወዳጆች የሚያስተባብር ማኅበር ይቋቋም ብለው ተስማሙ፤ ከዚያም ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የ19 ዓመት ወጣት አርተር ክላርክ ነበር። ክላርክ ያደገው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት፣ በገበሬ ቤት ነው። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። በራሱ በሠራው መነጽር ጨረቃን እያየ ካርታዋን ይነድፍ ነበር። ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባው አቅም ስላልነበረው በ1936 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ለንደን ገባ፤ የተሰጠውም ሥራ የመምህራንን የጡረታ ሂሳብ መመርመር ነበር። እንግዲህ በዚያ እሑድ ሊድስ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሊቅ ወይም ባለ ማዕረግ አልነበረም፤ ከጥቂት ወዳጆቹ በቀር የሚያውቀው የሌለ፣ ቀኑን በመዝገብ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ወጣት ሠራተኛ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክላርክ በእንግሊዝ አየር ኃይል ገብቶ በራዳር ሥራ ላይ ዋለ። በኦክቶበር 1945 እ.ኤ.አ.፣ በ27 ዓመቱ፣ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ የሬዲዮ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አሳቡም እንደሚከተለው ነው። ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር ነገር ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ፣ ምድር በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች በሰማይ ቢቆሙ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መልእክት ዓለምን ሁሉ ያዳርሳል። ለዚህ ጽሑፍ የተከፈለው ዋጋ 15 ፓውንድ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ «ሲንኮም 3» የተባለችው ሳተላይት በዚያ ከፍታ ላይ ሆና ምድርን መዞር ጀመረች።

ዛሬ በአንበሳሜም ሆነ በሐሙሲት ወይም በባሕር ዳር በቤት ጣራ ላይ የተሰቀለ ዲሽ የሚያይ ሰው፣ ዲሹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተመልክቶ የማይንቀሳቀስበትን ምክንያት ከዚህ ያገኘዋል። ዲሹ የማይንቀሳቀሰው ከላይ ያለው ሳተላይት ከእኛ ጋር እኩል ስለሚዞር ነው። ይህ ከፍታ ለዓለም መገናኛ እንዴት እንደሚጠቅም አስቀድሞ አስልቶ ለሰው ያሳየው፣ የጡረታ ሂሳብ መርማሪ የነበረና ከሥራ ሲወጣ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ነው።

በዚያ ወራት እኛ

የሊድስ ወጣቶች ስለ ጨረቃ ጉዞ በሚነጋገሩበት በዚያ እሑድ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ነበረች። ጠላት በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን የመርዝ ጭስ እያዘነበ ሠራዊታችንን ፈጅቶ ነበር። ከሊድሱ ጉባኤም ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ ብዙው ያገራችን ሰው የአዲሱን ዘመን ሳይንስ የተዋወቀው በመጽሔት ወይም በትምህርት ቤት አልነበረም፤ ከሰማይ በሚወርድ እሳትና መርዝ ነበር።

ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ነገን ተሰብስቦ ያላሰበ ሕዝብ፣ ሌላው ያሰበው ነገ ድንገት እንደሚደርስበት ለማሳሰብ ነው። አንድ ሰው «ሆድ ሳይጠግብ ስለ ከዋክብት ማውራት ቅንጦት ነው» ቢል በከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ስለ ከዋክብት ያወሩት ሰዎች ያወሩትን ትተውልን አልሄዱም፤ በደግም በክፉም መጥተውብናል።

ሕልም ሁሉ ቅን ነው ለማለትም አንችልም። በ1927 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የጠፈር ጉዞ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ። በ1929 እ.ኤ.አ. የዚያው አገር ሰው ፍሪትስ ላንግ ስለ ጨረቃ ጉዞ አንድ ፊልም ሠራ፤ መንኮራኩር ሊተኮስ ሲል ቁጥርን ወደ ኋላ የመቁጠር ልማድ በሰው ዘንድ የታወቀው ከዚያ ፊልም ነው። ከማኅበሩ ወጣቶች አንዱ ቬርነር ፎን ብራውን ነበር። ይህ ወጣት በኋላ ለናዚ መንግሥት ቪ 2 የተባለውን ሮኬት ሠራ፤ ሮኬቱም በእስረኞች ጉልበት እየተመረተ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ላይ ወረደ። ይኸው ሰው አሜሪካኖችን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት በመሥራትም ዋና ሰው ሆነ። ስለዚህ «ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ቢሆን ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?» የሚለውን ጨምሮ መጠየቅ አለበት። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ የሚያልም ሰው ይረሳዋል፤ ፊት ለፊቱ የሚከራከረው ሰው ሲኖር ግን ሊረሳው አይችልም። የጉባኤ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው።

በር የተዘጋባቸው ወጣቶች

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ተብሎ የተጠራው ከጁላይ 2 እስከ 4 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተደረገው ነው። 200 ያህል ሰው ተገኘ። ሊቀ መንበሩ ሳም ሞስኮዊትስ ገና 19 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። ከካሊፎርኒያ የመጡት ፎረስት አከርማንና ሞሮጆ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው ሚርትል ጆንስ፣ የወደፊት ዘመን ሰው የሚለብሰውን የሚመስል ልብስ ለብሰው ታዩ። ልብሱን ያዘጋጀችው ሞሮጆ ናት። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ የልብ ወለድ ሰዎችን ልብስ ለብሶ የመምጣት ልማድ አንዱ መነሻው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

በዚሁ ጉባኤ ላይ ግን አንድ አሳዛኝ ነገር ተደረገ። «ፊውቸሪያንስ» የሚባል ሌላ የወጣቶች ቡድን ነበር፤ ከአዘጋጆቹ ጋር በአሳብና በፖለቲካ ይጣላ ነበር። አዘጋጆቹ ሁከት ያነሡብናል ብለው ከቡድኑ ስድስት ወጣቶችን ከበር መለሱ። ከስድስቱ ዶናልድ ዎልሃይምና ፍሬድሪክ ፖል በኋላ በአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድን ከሚያሳትሙትና ከሚያርሙት ሰዎች ዋናዎቹ ሆኑ። የዚያው ቡድን ወዳጅ የነበረው ተማሪ አይዛክ አሲሞቭ ግን ወደ አዳራሹ ገብቶ ነበር፤ እርሱም የታወቀ ደራሲ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው አደጋ የገንዘብ ማነስ አይደለም። «እነ እገሌ ካሉ እኛ የለንም» የሚለው አሳብ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የተጀመሩ ክበቦች በዚህ ምክንያት ሲፈርሱ ያላየ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ጉባኤ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ስብሰባው ተቋረጠ። ሰላም በሌለበት ጉባኤ እንደማይኖር ለእኛ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሆነ ሆኖ ሰላም ሲመለስ ጉባኤው ተመለሰ፤ ለምን ቢሉ ወዳጆቹ በመሐል መጻጻፋቸውን አልተዉም ነበርና።

በጉባኤው የተገኘ ሰው ምን ያያል?

ዛሬ ይህ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በየዓመቱ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ይደረጋል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በቻይና በቼንግዱ ከተማ ተደርጓል። የሚመጣው ሰው ትርኢት ሊያይ ትኬት የቆረጠ ተመልካች ሳይሆን የማኅበሩ አባል ነው። አዘጋጆቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት ምልክት ደረቱ ላይ አድርጎ ይገባል። በአንዱ ክፍል አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው በአንድ ርእስ ላይ ይከራከራሉ፤ በሌላው ደራሲ ድርሰቱን ያነባል፤ በሌላው መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ በሌላው ሥዕል ይታያል። ማታ በልዩ ልዩ ልብስ የሚታዩ ሰዎች ውድድር ይደረጋል። ከ1953 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሁጎ ገርንስባክ ስም የተሰየመው የሁጎ ሽልማት አለ፤ ድምፅ ሰጪዎቹ አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በደራሲና በአንባቢ መካከል ያለው አጥር ዝቅ ማለቱ ነው። ዛሬ ከወንበር ሆኖ የሚጠይቀው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ከመድረኩ ሆኖ ሲመልስ ይገኛል።

አፍሪካም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረችም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ተቋቁሞ፣ በማሊ ከሚኖሩት ከዶጎን ሕዝብ ትውፊት በተወሰደው በኖሞ ስም ሽልማት ይሰጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለረዥም ልብ ወለድ የተሰጠውን የመጀመሪያውን የኖሞ ሽልማት ያገኘው፣ ታሪኩን በናይጄሪያ ምድር ያደረገው የታዴ ቶምሰን «ሮዝዎተር» ነው። ይኸው መጽሐፍ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዚያው በአርተር ክላርክ ስም የተሰየመውን ሽልማት አገኘ። ታዴ ቶምሰን ሥራው የአእምሮ ሕክምና ነው። እርሱም ድርሰቱን የሚጽፈው ከሥራው ተርፎ ነው እንጂ ሥራ ፈት ሆኖ አይደለም።

በእኛ አገር ያለው መሠረት

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ የጣና ዳር ሰው ለመከራከር የሚያበቃ ብዙ ማስረጃ አለው።

«ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ራሱን እንመልከት። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው በጣና ዳር በዘጌ ነው። በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር ስለ መወገኑ ታሪክ የሚፈርደውን ይፍረድ፤ ስያሜው ግን ከአንድ የሐይቁ ዳር ተወላጅ እጅ የወጣ ነው።

ሰማይን መቁጠርም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ኖረዋል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በውስጡም የሰማይ ብርሃናት አካሄድ ተዘርዝሮ ይገኛል። ይህን የምንለው ቅዱስ መጽሐፍን ከልብ ወለድ ጋር ለማስተካከል አይደለም። ጆሯችን ስለ ሰማያት ለመስማት የቆየ መሆኑን ለማስታወስ ብቻ ነው። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ደግሞ ለዚህ ጉባኤ ታላቅ አርአያ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ሸምድዶ በማቅረብ አይመሰገንም፤ ትናንት ያልተባለ አዲስ አሳብ ይዞ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት መቆም አለበት፤ የሚነቅፈውም የሚያደንቀውም በዚያው አለ።

በጎጃም ካሉት የቅኔ ቤቶች ስመ ጥር የሆነው ዋሸራ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ከምድር በላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ የሚያጠናው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪም የተሰየመው በዋሸራ ስም ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ያ ንጣፍ የሬዲዮንና የጂፒኤስን ምልክት እንዴት እንደሚያውክ ለማጥናት አገራችን ምቹ ቦታ ናት። ስሙን ያወጡ ሰዎች ቅኔ ቤቱንና ራዳሩን ማገናኘታቸው የሚመሰገን ነው።

በድርሰት በኩል ብንመለከት፣ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትን በአንድ ታሪክ አገናኝቶ በብዙ ወጣቶች ዘንድ ተነቧል፤ «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ»ም ተከትለውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታየው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም፣ ዳይሬክተሩ የስፔን ሰው ሚጌል ያንሶ ቢሆንም፣ በአማርኛ በኢትዮጵያ የተሠራ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን በሥዕል የተነገረ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ።

ተሰብስቦ የማሰብ ነገር ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩ በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ድኻ አገር ስለ ጠፈር ምን አገባት ብለው ብዙዎች ስቀውበት ነበር። በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ያሉት የሰማይ መመልከቻ ተመረቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ በቻይና ድጋፍ ተሠርታ፣ ከቻይና ምድር ተላከች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት መስላ ስትታይ፣ ነገሩ አስቀድሞ በሰዓትና በደቂቃ ተነግሮ ስለ ነበር ሕዝቡ ተዘጋጅቶ ተመለከታት።

በአንበሳሜ ቢጠራስ?

አሁን ወደ ሃያው ሰው እንመለስ። የሊድስን ያህል ጉባኤ ለመጥራት አንበሳሜ ምን ይጎድላታል? አዳራሽ ቢባል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውል የመማሪያ ክፍል ይበቃል። መጽሐፍ ቢባል፣ አንድ ቅጂ ካለ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ይሰማል፤ የአባቶቻችን ትምህርት አብዛኛው እንዲህ ነበር። ሊቅ ቢባል፣ የፊዚክስና የባዮሎጂ መምህር አለ፤ የግብርና ባለሙያ አለ፤ የጤና መኮንን አለ። ሥራቸው ታሪኩ ውስጥ የትኛው ሊሆን የሚችል፣ የትኛው ፈጽሞ የማይሆን እንደ ሆነ መለየት ነው። ተማሪው ለፈተና ብቻ የሸመደደው ቀመር በዚያን ጊዜ ሥራ ያገኛል።

ርእስ ቢባል ደግሞ ሩቅ አያስኬድም። ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ያለውን ብቻ እንመልከት። የፎገራና የደራ ረግረግ ሜዳ የሩዝ አገር ይሆናል ብሎ ለአያቶቻችን የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ልብ ወለድ ባይ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሩዝ የአካባቢው ገበሬ ዋና እህል ሆኗል። እንቦጭም እንዲሁ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ አበባ የጣናን ውኃ ይሸፍናል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ዓሣ አጥማጁንም ከብት ጠባቂውንም አስጨንቋል። የጣና አማካይ ጥልቀት ከአሥር ሜትር ያነሰ ነው። እንግዲህ «ጣና ከመቶ ዓመት በኋላ» ብሎ ሁለት ገጽ ለመጻፍ የሚቀመጥ ተማሪ፣ ስለ ደለል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እንቦጭና ስለ ሰው ብዛት ሳይጠይቅ አንድ መስመር መጻፍ አይችልም። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም በዕቅድ ወረቀት ላይ በየዓመቱ የሚሞላው ቁጥር ከሰው ሕይወት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ከታሪኩ ያያል። ዕቅድ ማለት ሰው ያልገባበት ልብ ወለድ እንዳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ሰው የገባበትን ልብ ወለድ መጻፍ ይረዳል።

ሽማግሌዎች ቢጠይቁስ? «ልጄ፣ ይህ ስብሰባ ምን እህል ያስገባል?» ማለታቸው አይቀርም። ወጣቱም «አባቴ፣ እርስዎ ለልጅዎ ባሕር ዛፍ ሲተክሉ ግንዱን በዓይነ ልቡናዎ አይተውት አልነበረምን? እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው» ብሎ በትሕትና ቢመልስ ነገሩ ይገባቸዋል።

የሚከተሉትን ጥቂት ነገሮች መጠበቅ ግን ይጠቅማል። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ በወር አንድ እሑድ ተብሎ ከተቈረጠ ሰው ቢያንስም አይሰረዝ። ሴቶች ተማሪዎች ሻይ ለማፍላት ሳይሆን ለመጻፍና ለመከራከር ይጠሩ፤ በ1939ኙ ጉባኤ የታየውን አዲስ ነገር ያዘጋጀችው ሴት እንደ ነበረች አይረሳ። በአሳብ የሚለይ ሰው ከበር አይመለስ። የተጻፈው ሁሉ በደብተር ይያዝ፤ ከተቻለም ተባዝቶ ለሐሙሲትና ለባሕር ዳር ወዳጆች ይላክ፤ የእነርሱም ይምጣ። የገርንስባክ መጽሔት ትልቁ ሥራ ታሪኮቹን ማተሙ ብቻ አልነበረም፤ ብቸኞቹን አንባብያን እርስ በርስ ማስተዋወቁ ነበር።

በአዲስ አበባ በወመዘክር አዳራሽ እሑድ እሑድ ሲደረግ በቈየው የመጽሐፍ ውይይት የተገኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከውይይት የሚወጣ አንባቢ ሲገባ የነበረው ሰው አይደለም። ያልተስማማበትን ሰምቷል፤ ያልጠረጠረውን ተጠይቋል። ይህ ዕድል የዋና ከተማ ሰው ብቻ ርስት ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ከሊድስ ሃያ የማይበልጡ ሰዎች መካከል የቀሩት እንደ ክላርክ ስማቸው አልገነነም። አንዳንዶቹ አዘጋጆች፣ አንዳንዶቹ ደራስያን ሆኑ፤ ሌሎቹ በየሥራቸው ኖረው አለፉ። ነገር ግን ክላርክ ያን እሑድ ባዶ አዳራሽ ቢያገኝ ኖሮ ብቻውን ምን ያህል በጸና ነበር? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ስለዚህ ነው። በአንበሳሜ ክፍሉን የሚከፍት አንድ መምህር፣ መጽሐፉን የሚያመጣ አንድ ሠራተኛና የሚጠይቁ ጥቂት ተማሪዎች ከተገኙ፣ የሚቀረው እሑዱን መቍረጥ ብቻ ነው።